ባለ ሥጋ ቤቱና የሱባ አበቦች

ጃለታ የሰው ጥርስ ያረገፈው በሴት ወይም በመሬት ተጣልቶ አይደለም፤ በአበባ ነው። ይህን ሳወራ የማያምነኝ ብዙ ነው። ሰበታ ውስጥ ግን ምስክር ሞልቷል። ባለ ጥርሱ ራሱ ዛሬም መናኸሪያው አጠገብ ጎማ ይጠግናል፤ ሲስቅ የፊት ለፊቱ ክፍተት ይታያል።

ሰውየው ያን ዕለት ከጓደኞቹ ጋር ቢራ ጭኖ ሱባ ጫካ ሊዝናና ወጥቶ ነበር። መንገድ ዳር የቆመች አንዲት ቀይ የአሸንዳ አበባ ከነአገዳዋ ሰበረና ባርኔጣው ላይ ሰካት። ጃለታ ከዛፎቹ መሀል ብቅ አለ።

«ቦታዋ መልሳት» አለው።

ሰውየው ሳቀ። «አንተ ሰውዬ ጤነኛ ነህ? የተሰበረ አበባ እንዴት ይመለሳል?»

«አይመለስም?»

«አይመለስማ!»

በዚህ ከተስማሙ በኋላ ጃለታ አፉን በቡጢ አለው። ሁለት ጥርስ ሣሩ ላይ ወደቀ። «እነዚህም አይመለሱም» አለና መንገዱን ቀጠለ። ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ፣ ዋስ ሆኜ፣ ተለማምጬ ያስፈታሁት እኔ ነኝ። ሲወጣ ያመሰግነኛል ብዬ ስጠብቅ የጠየቀኝ አሸንዳዋ ሥሯ ደህና መሆኑን ነው።

ስሜ ጥሩሰው ነው። በጃለታ ሥጋ ቤት ጥብሱን የምጠብሰው እኔ ነኝ። እሱ ይቆርጣል፣ እኔ እጠብሳለሁ፤ እሱ ደንበኛ ይሳደባል፣ እኔ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እንዲህ ስንል አብረን ሸበትን። አባቴ ከሰሜን መጥቶ እዚሁ የቀረ ነጋዴ ነበር፤ የጃለታ ሰዎች ደግሞ ከጥንት ጀምሮ እዚሁ ያረሱ ናቸው። ኦሮምኛ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ከስድቡ ስለጀመረልኝ ሰላምታውን የቻልኩት ዘግይቼ ነው።

ጃለታን ሥራ ላይ ላየው ሰው አበባ ትዝ አይለውም። ከቄራ የመጣው ሥጋ መንጠቆ ላይ ሲሰቀል መጥረቢያውን አንስቶ ጎድኑን በአንድ ምት ይሰነጥቀዋል። እስከ ክርኑ ደም ነው። ሽንጥ ፈልጎ የመጣ ሰው «ስቡ በዛ» ካለ አጥንቱን ከነመቅኑ ጠረጴዛው ላይ ይወረውርለታል። አንገቱ የኮርማ አንገት ነው፤ ሲናደድ አንድ ደም ሥር እዚያ ላይ ይቆማል። ያን ደም ሥር ሳይ ምጣዱን ከእሳቱ ላይ አወርዳለሁ፤ የሚከተለውን ስለማውቅ።

ሥጋ ቤት ግን ረቡዕና ዓርብ ዝግ ነው። ሌሎቹ ባለ ሥጋ ቤቶች በጾም ቀን ይተኛሉ፣ ካርታ ይጫወታሉ፣ ቢላዋ ያስላሉ። ጃለታ አበባ ያያል። ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ከጠባ አንስቶ ጥቅምት አልቆ መሬቱ እስኪደርቅ ድረስ፣ በጾም ቀን ሁሉ የላስቲክ ቦት ጫማውን አጥልቆ፣ ዱላውን ይዞ ወደ ሱባ ይወጣል። አይቀጥፍም፣ ፎቶ አያነሳም፣ ወደ ቤት የሚያመጣው ነገር የለም። ያያል ብቻ።

አስተያየቱ ደግሞ የጉድ ነው። ጎንበስ ብሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በገበያ የበሬ ጥርስ እንደሚመረምር ነጋዴ ነው የሚያየው። ከጫካው በታች ያለው ሜዳ በአደይ አበባ ቢጫ ሆኖ ሳለ ለሱ ያ ምንም አይደለም፤ እሱ የሚፈልገው ዛፎቹ መሀል ሾልካ የበቀለችውን ነው። ረግረጉ ላይ ሐምራዊ ማጌት፣ ቁጥቋጦው ላይ ነጭ ቀጋ፣ ዝግባው ሥር ባለው ጨለማ ውስጥ ደግሞ ከጥፍር የማትበልጥ፣ ከንፈሯ ነጠብጣብ ያለባት ነጭ አበባ አለች፤ ስሟን እሱም አያውቀውም። «ዘንድሮ ዘገየች» ይላል፤ ከንግሥ የቀረች ዘመዱን እንደሚያማ ሰው። አዲስ ነገር ካየ ደግሞ በሹክሹክታ ይጠራኛል። «ጥሩሰው! ና! ቀስ ብለህ! እንዳትረግጣት!» እኔ ጎንበስ ብዬ ቅጠል ብቻ አያለሁ። «አንተ ከሽንኩርት በቀር የምታውቀው ተክል የለም» ብሎ ይሰድበኛል። ልክ ነው፤ ከሽንኩርት በቀር የማውቀው የለም።

አንድ ጊዜ ምን አግኝቶበት እንደሆነ ጠየቅኩት። «ሳምንቱን ሙሉ የማየው የተቆረጠ ነገር ነው» አለኝ።

አበባ ካልወደድኩ ለምን አብሬው እሄዳለሁ? ተረፈች ስለለመነችኝ ነው። ተረፈች ባለቤቱ ናት። በደህናው ዘመን ትስቅበት ነበር፤ «ሌላው ባል ሴት ጋ ይሄዳል፣ የኔው አበባ ጋ ይሄዳል» ትል ነበር። ቦሩ ከሞተ ወዲህ ግን ሳቁ ቀረ።

ቦሩ የጃለታ ታናሽ ወንድም ነው። ተጂ አካባቢ ያርስ ነበር። አንድ ጥቅምት ላይ ኢተፋ የሚባል የጎረቤቱ ላሞች ሊታጨድ የደረሰ ጤፉ ውስጥ ገቡ። ቦሩ በድንጋይ አባረራቸው፤ የአንዷን ላም ዓይን አፈሰሰው። ኢተፋ እየሮጠ መጣ። ተሰዳደቡ፣ ተያያዙ፣ ወደቁ። ኢተፋ ቀድሞ ተነሳና መሬት ላይ የነበረ የሞፈር ስባሪ አንስቶ የቦሩ ጭንቅላት ላይ አሳረፈው። አንዴ ቢሆን ኖሮ በንዴት ነው ይባል ነበር። ደገመው። ዝም ካለ በኋላም ደገመው።

ከሰበታ በሚኒባስ ስንከንፍ ደረስን። ጃለታ የወንድሙን ራስ ጭኑ ላይ አስቀምጦ የተሰበረውን አጥንት በጣቱ ሊገጥም ይሞክር ነበር። አጥንት የሚያውቅ ሰው ነው፤ እንደማይገጥም ከማንም በላይ ያውቃል። ግን ይሞክር ነበር። እጁን ይዤ ላነሳው ብል ነከሰኝ። ጠባሳው አለ።

ኢተፋ ታሰረ፤ ዓመታት ቆይቶ በአመክሮ ተፈታ። ያኔ ሽማግሌዎች ጉማ ይሁን፣ የደም እርቅ ይፈጸም ብለው ተነሱ። እዚህ አገር እርጥብ ሣር ወይም ከነአበባው ለምለም ነገር ከፍ አድርጎ የለመነን ሰው መምታት የለም። ለምለሙን አይቶ የመታ ከሰው አይቆጠርም፤ ልጆቹ አይመረቁም፣ ቤቱ ሰው አይገባም። ይህ ጃለታ ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ነገር ነው። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ሣራቸውን ይዘው ወደ ሥጋ ቤቱ ሲመጡ ከሩቅ አወቃቸውና ሮጦ የሥጋ ማቀዝቀዣው ክፍል ውስጥ ገባ። በሩን ከውስጥ ጨምድዶ ያዘ።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ በመሀል ተላላኪ ሆንኩ።

«ሄዱ?» አለኝ ከውስጥ።

«አልሄዱም።»

«ሣሩን ይዘዋል?»

«ይዘዋል።»

«እንግዲያው አልወጣም!»

በተሰቀሉ የበሬ ግማሾች መሀል ሲንቀጠቀጥ ዋለ። ሽማግሌዎቹ ጠብቀው ጠብቀው፣ አዝነው ሄዱ። ሲወጣ ከንፈሩ ጠቁሯል፣ ጥርሱ ይንገጫገጫል። «እኔ ምንም አላየሁም» አለኝ። «ማንም አልለመነኝም። ኢተፋን ያገኘሁት ዕለት እገድለዋለሁ።» ጃለታ የሚዝትና የሚረሳ ሰው ቢሆን ኖሮ ስቄ ባለፍኩት ነበር። ጃለታ ግን ዝቶ ያላደረገውን ነገር አላውቅም።

በዚያው ሰሞን ተረፈች ጓሮ ጠርታኝ ክንዴን ያዘች። «ወንድሜ፣ ኢተፋ መናገሻ በኩል ሚስቱ ዘመዶች ጋ ተጠግቷል ይላሉ። ይኼ ሰውዬ ደግሞ እዚያው ጫካ ለጫካ ይዞራል። ቢያገኘው ይገድለዋል። ከገደለው እሱ ወህኒ ይገባል፣ የነዚያ ወገኖች ደግሞ ልጆቼን ይጠብቃሉ። አንዱን አልቅሼ ቀብሬያለሁ፤ ሌላ አልችልም። አብረኸው ሂድ» አለችኝ። እንግዲህ የኔ የአበባ ፍቅር ይኼ ነው።

የኢሬቻ ሰሞን ነበር፤ ዓርብ። ሌሊቱን ካፊያ ጥሎ አድሮ ጠዋት ጠራ። ጃለታ ያን ዕለት ደስ ብሎታል። አንድ የወደቀ ጽድ ግንድ ላይ ቅርፊቱን እንደ ሽበት በሸፈነው ልምላሜ መሀል ሰማያዊ አበባ አይቶ በሆዱ ተኝቶ ሲያያት ቆየ፤ ልብሱ ረጠበ። «አምና አልነበረችም፣ ማሎ፣ እያት እስቲ» እያለ ይለምነኛል። ለወጉ ያህል «ታምራለች» አልኩ። «ውሸታም» አለኝ፤ ግን ሳቀ። ሲስቅ ካየሁት ቆይቼ ስለነበር እኔም ከልቤ ደስ አለኝ።

ከዚያ ወደ ላይ ስንወጣ ቁጥቋጦ ሲንኮሻኮሽ ሰማን። አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶን ጎንበስ ብሏል። ዛፎቹ በከፈቱት ትንሽ ገላጣ ላይ የበቀለውን አደይ አበባ ይነቅላል፤ ከነሥሩ፣ ከነአፈሩ። ከእርጥብ ሣር ጋር እያደረገ በግራ እጁ ይጨብጣል።

የጃለታ አንገት ላይ ደም ሥሩ ቆመ።

«ተው ጃለታ» አልኩት። «የበዓል ሰሞን ነው፤ አገሩ ሁሉ ይቀጥፋል።»

«ሜዳው ሞልቶ የለም እንዴ! ጫካ ድረስ መጥቶ ይነቅላል?» አለና ሮጠ።

ያን ሰውነት ይዞ እንዴት እንደሚሮጥ አይገባኝም። ሰውየው ድምፅ ሰምቶ ሊዞር ሲል ዱላው ቀኝ ክንዱ ላይ አረፈ። ቀጭ አለ። ዕድሜዬን ሙሉ አጥንት ሲሰበር ስሰማ ኖሬያለሁ፤ የሰው ግን ሌላ ነው። ሰውየው ጮኾ ወደቀ፣ ተንከባለለ፣ ፊቱ ወደኛ ዞረ።

ኢተፋ ነበር። ጠጉሩ ገብስማ ሆኗል፣ ጉንጩ ጎድጉዷል፣ ግን ኢተፋ ነበር። እኔ ባወቅኩበት ቅጽበት ጃለታም አወቀው።

ጃለታ ሲማታ ይሳደባል። ያን ዕለት ስድብ አልወጣውም። ሁለተኛውን ትከሻው ላይ አወረደበት። ኢተፋ ዳግም ጮኸ። የጃለታ ጀርባ ላይ ዘልዬ አንገቱን አነቅኩ፤ አሽቀንጥሮ ጣለኝና አፌ ከዛፍ ሥር ጋር ተላተመ። አፌ ደም ሞላ። ቀና ስል ጃለታ እግሩን አንፈራጦ ኢተፋ ላይ ቆሟል፤ ዱላውን በሁለት እጁ ወደ ላይ አንስቷል፤ የሚያየው ጭንቅላቱን ነው። ተረፈች ትዝ አለችኝ። «አለቀ» አልኩ።

ኢተፋ የቀረውን ግራ እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። እጁ ውስጥ አደይ አበባው ከእርጥብ ሣሩ ጋር አለ። ከሥሩ ጭቃ ይንጠባጠባል። ጃለታ ዓይን ፊት ነው።

ዱላው አየር ላይ ቀረ።

እዚህ የሚሸሹበት ማቀዝቀዣ ክፍል የለም። ጃለታ አየው። ፊቱን ወደ ግራ አዞረ፣ ወደ ቀኝ አዞረ፤ ግን አይቶታል። እንደ ቆሰለ እንስሳ አገሳና ዞሮ ዱላውን ዝግባው ላይ አወረደው። ቅርፊቱ እስኪረግፍ፣ መዳፉ እስኪደማ፣ ዱላው ተሰብሮ እጁ ላይ ቁራጭ እስኪቀር ደበደበው። ከዚያ ቁራጩን ጣለ።

«ዲሴራ» አለ። ትቻለሁ ማለት ነው። «ቦሩ፣ ወንድሜ፣ ትቻለሁ» አለና ሣሩ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ፤ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም በደማ አፌ አብሬው አለቀስኩ። ደስታም ነበር፣ ፍርሃትም ነበር። ተረፈች እግር ሥር ሄጄ ይህን ወሬ የምነግራት ሰዓት ናፈቀኝ።

የኢተፋን ክንድ በሻርፔ አሰርኩለትና ወደ ዋናው መንገድ ልናወርደው ተነሳን። ከወደቀበት ስናነሳው እጁ ተፈታ፤ አበባው እዚያው ቀረ። በአንድ በኩል እኔ፣ በሌላው በኩል ጃለታ ደገፍነው። ጃለታ! የወንድሙን ገዳይ በብብቱ ይዞ! ቁልቁለቱን ግማሽ ያህል እንደወረድን ኢተፋ ቆመ።

«ኦቦ ጃለታ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት።»

ጃለታ እንዲራመድ ጎተት አደረገው።

«ሣሩን ለልመና አላነሳሁትም።»

ጎኑን ቆነጠጥኩት። «ዝም በል አንተ! አሞሃል፣ ትቃዣለህ!»

«አልቃዥም። ለልጄ ነው የቀጠፍኩት፤ ነገ ለኢሬቻ የምትይዘውን። ሲመቱኝ ፊቴን ልከልል ነው እጄን ያነሳሁት። በእጄ ምን እንዳለ ትዝም አላለኝ።»

«የእውነት ሰው የምትሆነው አሁን ነው? ዛሬ ነው? እዚህ ነው?» ብዬ ጮኽኩበት። እውነቴን ነው፣ በዚያች ሰዓት እኔ ራሴ ብገድለው ደስ ይለኝ ነበር።

«ሳልለምን የለመንኩ ብመስል እርግማኑ ልጄ ላይ ይደርሳል» አለ ኢተፋ። እንባው ይወርዳል። «የሰው ደም ተሸክሜ ኖሬያለሁ። ውሸት አልጨምርበትም።»

ጃለታ ለቀቀው። ኢተፋ ተንገዳገደ። ከዚያ ያ ትልቅ እጅ መጥቶ አንገቱን ያዘው፤ ከጽድ ግንድ ጋር አጣበቀው፤ እግሩ ከመሬት ሊነሳ ምንም አልቀረውም። ፊቱ ጠቆረ፣ ዓይኑ ፈጠጠ። የጃለታን ጀርባ በሁለት ቡጢዬ እየደበደብኩ «ልጆችህ! ጃለታ፣ ልጆችህ!» አልኩ። የምመታው ግድግዳ ነበር። የኢተፋ ጤነኛ እጅ እንደ ተንጠለጠለ ቀረ፤ ሊያነሳው አልሞከረም።

«አልለመነኝም!» እያለ ይጮኻል ጃለታ። «ሰማህ ጥሩሰው? አልለመነኝም! ማንም አልለመነኝም!»

ያኔ ነው የገባኝ። ያን ዕለት ከማቀዝቀዣው ወጥቶ «ማንም አልለመነኝም» ሲለኝ ቁጣ መስሎኝ ነበር። ይህ ሰው ያን ሁሉ ዓመት የጠበቀው ኢተፋ ራሱ፣ በገዛ አፉ፣ ገድያለሁ ብሎ እንዲለምነው ነበር። የሌላ ሰው ሣር አልፈለገም።

እጁን ፈታ። ኢተፋ እንደ ጆንያ ወርዶ ተቀመጠ፤ ይስላል፣ አየር ይፈልጋል። ጃለታ ትቶን ጥቂት ራመድ አለ። ድንጋይ ሊያነሳ የሄደ መስሎኝ ከኋላው ተነሳሁ። አንድ ጉቶ ሥር አደይ አበባ በቅሏል፤ ጤዛው ገና አልረገፈም። እዚያ ላይ ቆመ። ቆየ። ትከሻው ከፍ ዝቅ ይላል። ከዚያ ጎንበስ አለና አንዲቷን አበባ ቀጠፋት። እርጥብ ሣር ጨመረባት።

ጃለታ አበባ ሲቀጥፍ አይቼ አላውቅም። ይህን ጻፍኩ እንጂ አሁንም ማመን ያስቸግረኛል።

መጥቶ ኢተፋ ፊት በርከክ አለ። የደማ መዳፉን ዘርግቶ አበባውን ግራ እጁ ውስጥ ከተተለትና ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈለት።

«አሁን ለምነኝ» አለው።

ኢተፋ በጉልበቱ ተነሳ። እጁን ከፍ አደረገ።

«ኦቦ ጃለታ፣ ቦሩን ገድያለሁ። ወድቆም መትቼዋለሁ። ይማሩኝ።»

ጃለታ ፊቱን አላዞረም። አበባውን አየ፣ ኢተፋን አየ፣ እንደገና አበባውን አየ። ጣቶቹ ይጨበጣሉ፣ ይዘረጋሉ፣ ይጨበጣሉ።

«ዲሴራ» አለ። ከዚያ በአማርኛ፣ እኔም እንድሰማ ይመስለኛል፣ «ትቼልሃለሁ» አለው።

ተነሳ። ኢተፋን ልናነሳው ነው ብዬ ስጠብቀው ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ጥሩሰው፣ አንተ ደግፈው» አለኝ። «እኔ እጄን አላምነውም።»

ባጃጅ ሊያስቆምልን ቀድሞን ወደ መንገዱ ወረደ።